በፍልሰታ የሄድንበት የባሕሩ ዳር ሆቴል

ሜሮን ሹሩባዋን ልታስፈታ መጥታ ወንበሬ ላይ ስትቀመጥ፣ ገና ሻሿን ሳታወልቅ ነበር ሽታው አፍንጫዬ የደረሰው፤ የኮኮናት ቅባት፣ የባሕር ጨውና የመዋኛ ገንዳ ክሎሪን፣ ከጸጉር ለማስለቀቅ ግማሽ ቀን የምታገላቸው ሦስቱ ጠላቶቼ ተባብረው መጥተዋል። ቅዳሜና እሑድን ከጓደኞቿ ጋር አዋጥተው ከቤሩት ወጣ ብሎ ባሕሩ ዳር ባለ ሆቴል አሳልፈው መመለሳቸውን ስትነግረኝ ፊቷ ከፀሐዩ ብዛት ያብረቀርቃል፤ አፍንጫዋ ጫፍ ላይ ትንሽ ተልጧል፤ እሷ ግን ጉዳዬም አላለችውም። እጇን ከፎጣው ሥር አውጥታ፣ "እስቲ ይቺን ነገር ቁረጪልኝ፣ እጄን በላችኝ እኮ" አለችኝ። ሰማያዊ የፕላስቲክ አምባር ናት፤ የሆቴሉ እንግዳ መሆንሽን የምትመሰክር፣ እሷን እስካሰርሽ ድረስ የፈለግሽውን ብትበዪና ብትጠጪ ማንም "ሒሳብ" የማይልሽ። መቀሱን አንሥቼ ከፕላስቲኩ ሥር አስገባሁትና እዚያው ቆምኩ።

"ምነው?" አለችኝ በመስታወቱ ውስጥ እያየችኝ።

"ቆይ፣ መጀመሪያ ጸጉርሽን ልፍታው" አልኳት። እውነቱን ለመናገር እጄ እምቢ ብሎኝ ነው። ሹሩባውን ከሥር ጀምሬ መፍታት ያዝኩ፤ ከየጉንጉኑ ትንሽ ትንሽ አሸዋ እየረገፈ ወለሉ ላይ ሲወድቅ፣ እኔ እዚያ ጸጉር ቤት ውስጥ አልነበርኩም።

ዓይን ኤል ረማነህ በሚባለው የቤሩት ሰፈር ውስጥ በዳቦ ቤቱና በስልክ ሻጩ መሐል የተወሸቀችውን ይህችን ጠባብ ጸጉር ቤት የከፈተቻት እናቴ ናት። የሺ ትባላለች፤ ጎጃም ተወልዳ፣ አዲስ አበባን በአውቶቡስ መስኮት ብቻ አይታ ቤሩት የገባች ሴት ናት። የመጀመሪያዎቹን ዓመታት ያሳለፈችው ሐምራ ሰፈር፣ ሰፊ ሰገነት ባለው አፓርታማ ውስጥ፣ የአንድ ቤተሰብ ልጆች እያሳደገችና ምግብ እያበሰለች ነው። ማዳሟ "የሺ" ማለት ለምላሷ ስለከበዳት "ሮዛ" አለቻት፤ ልጆቹም ሮዛ፣ የሕንፃው ዘበኛም ሮዛ፣ አትክልት ሻጩም ሮዛ እያሏት፣ እናቴ በስሟ የምትጠራው እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ ብቻ ሆነ። ማዳሟ ክፉ ሴት አልነበረችም። ይህን እናቴ ራሷ አጥብቃ ትናገራለች፤ እነሱ የበሉትን እንደምታበላት፣ እሑዷንም እንዳልነፈገቻት ሳትጨምር ስለ ማዳሟ አውርታ አታውቅም። አንድ ነገር ግን ከሆዷ አልወጣላትም፤ እሱም የባሕሩ ዳር ሆቴል ነው።

ቤተሰቡ በየዓመቱ በነሐሴ ሙቀት፣ ሊባኖሶች የእመቤታችንን በዓል በሚያከብሩበት ሳምንት፣ ከቤሩት ወጣ ብሎ በሰሜን በኩል ባሕሩ አፍ ላይ ወደተሠራ ሆቴል ይሄዳል። እናቴም ትሄዳለች። የእሷ ቦታ ከገንዳው አጠገብ፣ ፎጣ ከሚደረደርበት ግድግዳ ሥር ያለች ነጭ የፕላስቲክ ወንበር ናት፤ ሮዝ ኮሌታ ያለው ዩኒፎርሟን ለብሳ፣ የልጆቹን ነጠላ ጫማ አቅፋ፣ ቅባት ስትቀባና ፎጣ ስታቀብል ትውላለች። አንድ ቀን ሙቀቱ ሲብስባት ጫማዋን አውልቃ እግሯን እስከ ቁርጭምጭሚቷ ውኃው ውስጥ ነከረች። የገንዳው ጠባቂ ፊሽካውን ነፋ፤ ሰው ሁሉ ዞሮ አየ፤ ማዳሟም ከመጋደሚያዋ ቀና ብላ፣ በለሰለሰ ድምፅ፣ "ሮዛ፣ ሀቢብቲ፣ የኔ ውድ፣ ወደ ወንበርሽ" አለቻት። ሠራተኛ ውኃው ውስጥ አይገባም፤ ደንብ ነው። እናቴ ተመልሳ ተቀመጠች። ከዚያ ወዲያ ግን መንገድ ላይ የትራፊክ ፊሽካ እንኳ ስትሰማ ሳታስበው እግሯን ትሰበስብ ነበር፤ እኔ ልጅ ሆኜ ይህን አመሏን አይቼ እየሳቅሁ ስጠይቃት ነው ታሪኩን የነገረችኝ። ሳትቆጣ፣ ጸጉር እየተኮሰች ነገረችኝና መጨረሻ ላይ፣ "አንቺ እዚያ ገንዳ ውስጥ ትዋኛለሽ፤ እኔም እገባለሁ" አለች። ቀን እስኪያልፍ ያለፋል እንዲሉ፣ የእሷን ቀን እሷ ራሷ ልታሳልፈው ወስና ነበር።

ዘጠኝ ዓመቴ ሲሆን ቃሏን ጠበቀች። አንድ ቀን ጠዋት ጸጉር ቤቱ በሰው ተሞልቶ ሳለ፣ እሷና እኔ ለአምስት ቀን ሁሉም ነገር የተከፈለበት ሆቴል እንደምንሄድ፣ መብላት መጠጣቱ ሁሉ እዚያው ውስጥ ያለ እንደሆነ፣ አፏን ሞልታ አወጀች። እትዬ አልማዝ፣ ሁለተኛው ወንበር ላይ የምትሠራው ጓደኛዋ፣ ቀኑን ስትሰማ የያዘችው ማበጠሪያ ከእጇ ወደቀ።

"በፍልሰታ?" አለቻት። "የሺዬ፣ ጤና የለሽም? ሰው ዓመቱን ሙሉ ሲበላ ኖሮ ጾም ሲገባ ነው የሚበላበት ሆቴል የሚከፍለው? ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም አሉ!"

ቤቱ ሁሉ በሳቅ ተነቃነቀ። ቢስቁም አይፈረድባቸውም፤ እናቴ በጾም ቀልድ አታውቅም፤ ያውም የፍልሰታ ጾም፣ ልጅ አዋቂ ሳይል ሁሉም የሚጾመው፣ እኔም እስከ ስድስት ሰዓት፣ እሷ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ እንኳ ሳንቀምስ የምንውልበት። "ከጾሙ በኋላ ሂዱ፣ ወይ መስከረም ላይ ሂዱ" እያሉ መከሯት። እሷ ግን የያዘችውን ጸጉር በትዕግሥት መጠቅለሏን ቀጠለች። እትዬ አልማዝ ግን የልብ ጓደኛ ናትና ቆይታ ገባት፤ ወደ እኔ ጎንበስ ብላ፣ "እናትሽ የምትሄደው ለምግቡ አይደለም" አለችኝ፤ "ማዳሟ ከዚያች ሳምንት ቀርታ አታውቅም። እናትሽን እንድታያት ነው።"

ለመንገዱ ያሰናዳነው ዕቃ ብዛት የቤት ለውጥ ይመስል ነበር። እናቴ ምንም ሁሉ ነገር ተከፍሎበታል ቢባል፣ ፈረንጅ በሚያበስልበት ቤት የጾም ምግብ ይገኛል ብላ አላመነችምና በረዶ መያዣ ሣጥን ውስጥ ሽሮ፣ በርበሬ፣ የሱፍ ውኃ፣ ከላዩም አንድ ፌስታል ቆሎ ጭና ነበር። በር ላይ የቆመው ዘበኛ ሣጥኑን ከፍቶ አሸተተና ምግብ ከውጭ እንደማይገባ ነገራት፤ ተከራክራ ሲያቅታት ሣጥኑን እሱ ጎጆ ውስጥ አስቀምጣ፣ በሽሮዋ ላይ እግዚአብሔርን ምስክር ጠርታ ገባን። ስንወጣ ሽሮውና በርበሬው እንዳለ አገኘነው፤ ቆሎው ግን አልቆ፣ ዘበኛው ምን ዓይነት ለውዝ እንደሆነና የት እንደሚሸጥ ጠየቀን።

እንግዳ መቀበያው ላይ የቆመችው ልጅ ለስላሳና ጨዋ ነበረች። "ቦንዡር" ብላ ፈገግ አለችልን፤ ከዚያ ከኋላችን ሌላ ሰው የሚመጣ ይመስል አሻግራ እያየች በዐረብኛ፣ "ማዳም የት አለች?" ብላ ጠየቀች።

እናቴ ለዚያች ቀን የሰፋችውን የባሕር ሰማያዊ ቀሚስ ለብሳ፣ እትዬ አልማዝ ግማሽ ቀን ፈጅታ የተኮሰችላትን ጸጉሯን ትከሻዋ ላይ አውርዳ ቆማ ነበር። ድምፅዋን ከፍም ዝቅም ሳታደርግ፣ "አና ኤል ማዳም" አለች፤ ማዳሟ እኔ ነኝ ማለቷ ነው። ልጅቷ እስከ ጆሮዋ ቀላች። ይቅርታ ጠየቀች፤ ሰማያዊዎቹን አምባሮች አውጥታ መጀመሪያ ለእኔ፣ ቀጥሎ ለእናቴ አሰረች። እናቴ እጇን እንደዘረጋች፣ "ጠበቅ አድርጊው" አለቻት።

አሁን ሳስበው ከቦታው ውበት ይልቅ የሚመጣብኝ የአይስክሬሙ ነገር ነው። ከገንዳው አጠገብ ቀኑን ሙሉ የማይዘጋ የአይስክሬም፣ እነሱ ቡዛ የሚሉት፣ መደብር አለ፤ ፒስታቹ፣ ቸኮሌት፣ እንጆሪ፣ ስማቸውን የማላውቃቸው ቀለሞች፣ ሁሉም በነፃ፤ የፈለገ ልጅ እጁን አንሥቶ አምባሩን አሳይቶ ይወስዳል። እኔ ደግሞ ጾመኛ ነኝ፤ ወተት ደግሞ የዕለቱ የጾም ሰዓት ቢያልቅም ጾሙ እስኪፈታ አይነካም። የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው የተባለው ያን ጊዜ ገባኝ። ገንዳው ውስጥ ሆኜ የልጆቹን አፍ እያየሁ እውላለሁ፤ ቡዛ የሚያድለው ግብጻዊ ሽማግሌ ሲጠራኝ አንገቴን እነቀንቃለሁ። በሁለተኛው ቀን ሰውዬው ከእናቴ ዘንድ ሄዶ ልጅቷ ታማ እንደሆነ ጠየቃት፤ ጾም መሆኑን ስትነግረው ደረቱን በእጁ መታ፤ እሱም ለካ የእኛው ዓይነት ክርስቲያን፣ በአገሩ በዚያው ጾም ውስጥ ያደገ ሰው ነው። በማግሥቱ ስድስት ሰዓት ሲሞላ ከመደብሩ ሥር ከውኃ፣ ከስኳርና ከሎሚ ብቻ የሠራውን በረዶ አወጣልኝ። ከዚያ ወዲህ ስንት ዓይነት ጣፋጭ በልቻለሁ፤ ያንን የሚያህል ግን አልቀመስኩም፤ ሎሚው ጉሮሮዬን ሲቆነጥጠኝ እንባዬ እየመጣ እስቅ ነበር።

እናቴ ቁርስ ላይ ባዶ ሳሕን ፊቷ አስቀምጣ ልብሷ ሳይጨማደድ ቀጥ ብላ ትቀመጣለች። በረንዳ ላይ ወደ ባሕሩ ዞራ ውዳሴ ማርያሟን ደግማ ነው የምትወርደው፤ ቡፌው ላይ ክምር ሥጋ፣ እንቁላልና አይብ ያልፍባታል፤ ዓይኗን አታነሣም። አስተናጋጆቹ ግን ተጨነቁ። አንድ ቀን አጠገባችን ያለች ደግ ሴት፣ የሚያሠራት ሰው ምግቧን ሳይከፍልላት የቀረ መስሏት፣ የተጠበሰ ዶሮ በሳሕን ልካ ከንፈሯን መጠጠች። እናቴ ተነሥታ ሄዳ አመሰገነቻት፤ ሳሕኑን መለሰችላት፤ የታሰረውን አምባሯንም ልክ ሰዓት እንደሚያሳይ ሰው ብቅ አድርጋ አሳየቻት። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ነው ለምግብ የምትነሣው። ያን ጊዜ የሽሮዋ ሥጋት ሁሉ ከንቱ እንደነበር ገባን፤ ሑሙሱ፣ ፉሉ፣ ተቡሌው፣ ምስርና ሩዙ፣ በዘይት የተሠራው ባሚያ፤ ሊባኖስ ለካ ለጾመኛ የተዘጋጀች አገር ኖራለች። እናቴ በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ይህንኑ ስታበስል ኖራ ከአምስት ኮከብ ማዕድ ላይ ማግኘቷ አስገርሟት፣ "ይኼ የእኔ እጅ ይሻለዋል" እያለች ሁለቴ ታነሣለች።

ውኃው ውስጥ ግን አልገባችም። ጥቁር የዋና ልብስ ገዝታ ከቀሚሷ ሥር ለብሳዋለች፤ ግን መጋደሚያዋ ላይ ጋደም ብላ በሩን በሩን ታያለች። "እማዬ ነዪ እንጂ" ስላት፣ "ቆይ" ትለኛለች። ማዳሟ እስክትመጣ ነው። እኔ እንኳ በልጅነቴ ሥጋት ገባኝ፤ ባትመጣስ? ብትሞትስ? ያ ሁሉ ልፋት፣ ያ ሁሉ ጸጉር፣ ያ ጠበቅ ተደርጎ የታሰረ አምባር ለማን ሊሆን ነው?

የበዓሉ ዕለት መጣች። እነሱ በዓሏን ሲያከብሩ እኛ ገና ጾሟ መሐል ነበርን፤ ከሩቅ ደወል ይሰማል፤ ሆቴሉ በነጭና በሰማያዊ አበባ ተሸልሟል። መጀመሪያ የገቡት ያደጉት ልጆቿ ናቸው፣ ሚስቶቻቸውንና ልጆቻቸውን ይዘው፤ ከኋላቸው ማዳሟ፣ ጸጉሯ ነጥቶ፣ በምርኩዝ፣ ግን ከንፈሯን እንደተቀባች። ከሁሉም ኋላ ደግሞ አንዲት ቀጭን የእኛ አገር ልጅ፣ ፎጣና ነጠላ ጫማ ታቅፋ፣ ሮዝ ኮሌታ ያለው ዩኒፎርም ለብሳ መጣችና ከግድግዳው ሥር፣ ነጭ የፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀመጠች። እናቴ የልጅቷን አቀማመጥ ስታይ ትንፋሿን ወደ ውስጥ ስትስብ ሰማኋት።

ማዳሟ ሳታያት ልታልፍ ነበር። ሁለት እርምጃ አለፈችንና ምርኩዟን ተክላ ዞረች።

"ሮዛ?"

"እኔ ነኝ ማዳም። እንኳን አደረሰሽ" አለች እናቴ ተነሥታ። ይህን ሁሉ ያወሩት በዐረብኛ ነው።

"ሹ? ምን ትሠሪያለሽ እዚህ? ከማን ጋር ነሽ?"

"ከልጄ ጋር።"

"አይ፣ ማለቴ፣ ማዳምሽ ማናት? የማን ቤት ነሽ አሁን?"

እናቴ እጇን ቀስ ብላ አነሣች። ሰማያዊው አምባር ወደ ክርኗ ሳይወርድ፣ አንጓዋ ላይ ጸጥ ብሎ ተቀምጧል። ማዳሟ አየችው፤ ከዚያ ምርኩዟን የያዘውን የራሷን አንጓ አየች፤ ያው አምባር፣ ያው ቀለም ነው። ሊባኖስ ውስጥ ትዕቢትም ጨዋነትም አንድ ቤት ውስጥ ያድራሉ፤ የዚያን ቀን ግን ጨዋነቷ ቀድሟት ደረሰ፤ አጠገቧ ያለውን ወንበር በምርኩዟ ስባ፣ "ተቀመጪ" አለቻት። እናቴ በዚያ ሁሉ ዓመት ከማዳሟ ጋር አንድ ጠረጴዛ ላይ ስትቀመጥ የመጀመሪያዋ ነበር።

ማዳሟ ለምራቶቿ፣ "ልጆቼን ያሳደገችልኝ ሮዛ ናት" ስትል፣ እናቴ ፈገግ ብላ፣ "የሺ ነው ስሜ" አለች። ማዳሟ ግንባሯን ቋጥራ ሞከረችው፤ መጀመሪያ ተንተባተበች፣ ሁለተኛው ላይ አወጣችው። "አየሽ፣ አይከብድም" አለቻት እናቴ፤ ሁለቱም ሳቁ። ማዳሟ ኬክ አስመጥታ ስትገፋላት እናቴ ጿሚ መሆኗን ነገረቻት፤ ነሐሴን ሁልጊዜ እንደምትጾም፣ ሐምራም ሳለች እንደምትጾም፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም ስለማትቀምስ ለምሳቸው የምታበስለውን ወጥ ጨዉን ሳትቀምስ እንደምታቀርብ ጭምር። ማዳሟ አፏን በእጇ ይዛ ቆየች። "ስለዚህ ነው" አለች በመጨረሻ ለልጆቿ፣ "ነሐሴ ሲመጣ ምግቡ ወይ ጨው አልባ ወይ ጨው ብቻ የሚሆነው። እኔ ሙቀቱ አናውዟት ነው ስል ኖሬያለሁ።" ከዚያ ወደ እናቴ ዞራ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ "ለምን አልነገርሽኝም?" አለቻት። እናቴ፣ "አልጠየቅሽኝም" አለች፤ እንደ ወቀሳ ሳይሆን ሰዓት እንደሚነግር ሰው።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሞላ እናቴ ምስርና ሩዟን በላች፤ እጇን ታጠበች፤ ወደ ገንዳው መጣችና ያን ሰማያዊ ቀሚስ በራሷ ላይ አውጥታ አጥፋ መጋደሚያው ላይ አኖረችው። በሕይወቴ እናቴን በዋና ልብስ ሳያት የመጀመሪያዬ ነው፤ ቁመቷ እንዲህ መሆኑን አላውቅም ነበር። ቀጥ ብላ ወደ መሰላሉ ሄደች። እግሯ ውኃውን ሲነካ ፊሽካው ተነፋ።

ሰው ሁሉ ዞረ። ማዳሟ ዞረች። ግድግዳው ሥር ያለችው ልጅ ከወንበሯ ብድግ አለች። እኔ ውኃው ውስጥ ሆኜ የማየው የእናቴን እግር ብቻ ነበር፤ ይሰበሰብ ይሆን ብዬ። አልተሰበሰበም። እናቴ ወደ ጠባቂው እንኳ ሳትዞር ቀኝ እጇን ወደ ላይ ዘረጋች፤ አምባሩ ፀሐዩ ላይ ታየ፤ እሷም ምንም እንዳላቋረጣት ሁሉ ሌላኛውን እግሯን አስከተለች፤ ከዚያ ወገቧ፣ ከዚያ ትከሻዋ ገባ። እኔ የጸጉር ሠሪ ልጅ ነኝና እዚያ ላይ የምታቆም መስሎኝ ነበር፤ ግማሽ ቀን የተተኮሰ ጸጉር ውኃ አይነካም። እሷ ግን ዓይኗን ጨፍና፣ በስመ አብ ብላ አማተበችና ጥልቅ አለች። ስትወጣ ያ ሁሉ የእትዬ አልማዝ ልፋት ተጠቅልሎ ወደ ጥንቱ ተመልሶ ነበር፤ ከግድግዳው ሥርም አጭር፣ ወዲያው በእጅ የታፈነች እልልታ ተሰማች።

መዋኘት አትችልም ነበር፤ እኔ ነኝ ያንሳፈፍኳት። ትንሿን መዳፌን ከጀርባዋ ሥር አድርጌ፣ "እማዬ ለቀቅ በዪ፣ አትፍሪ" እያልኩ፣ ያ ዕድሜዋን ሙሉ ሌላውን ስትሸከም የኖረ ገላ እጄ ላይ እንደ ሕፃን ቀለለ። ጆሮዋ ውኃ ውስጥ ሆኖ ሰማዩን እያየች ስትስቅ የነበረውን ሳቅ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አልሰማሁትም። በእናቴ ኮርቻለሁ ብል አይበቃም፤ ዓለም ሁሉ ያን ጊዜ ያየን መስሎኝ ነበር።

ከውኃው ስትወጣ ግን ወደ ማዳሟ ጠረጴዛ አልሄደችም። ውኃው ከላይዋ እየተንጠባጠበ ወደ ነጯ የፕላስቲክ ወንበር ሄደችና ከልጅቷ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠች።

"ስምሽ ማነው?" አለቻት።

"ሊና ይሉኛል።"

"የሚሉሽን አልጠየቅሁሽም።"

ልጅቷ አንገቷን ደፋች። "ሰናይት።"

"ጾመሻል?"

"አዎ፣ እትዬ።"

"በይ ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል" አለቻትና ወደ ቡፌው ሄዳ ሞልቶ የተረፈ ሳሕን ይዛላት መጣች፤ ጭኗ ላይ አኖረችላት። ማዳሟ ከሩቅ አየች፤ ፊቷን ወደ ልጆቿ መለሰች። የቀረውን ቀን እናቴ የከፈለችበትን መጋደሚያ ትታ እዚያው ግድግዳ ሥር፣ ጸጉሯ እየደረቀ፣ ለሰናይት የት ቤተ ክርስቲያን እንደሚሄድ፣ እሑድን እንዴት እንደምትጠይቅ፣ ጸጉር ቤታችን የትኛው ስርቪስ ታክሲ እንደሚያደርሳት ስትነግራት ዋለች።

ወደ ዓይን ኤል ረማነህ ስንመለስ እትዬ አልማዝ የተበላሸውን ጸጉር አይታ ራሷን ከያዘች በኋላ መጀመሪያ የጠየቀችው፣ "አየችሽ?" ብላ ነው።

"አይታኛለች" አለች እናቴ፤ ቆየት ብላም፣ "ለካ የሄድኩት ሰናይት እንድታየኝ ኖሯል" አለች።

አምባሯን አላወለቀችውም። ጸጉር ስታጥብ፣ ስትተኩስ፣ ቤተ ክርስቲያን ስትሳለም አብሯት ነበር፤ ቀለሙ እየነጣ ሄዶ አንድ ቀን የደንበኛ ጸጉር ስታጥብ ተበጠሰና ከአረፋው ጋር ወደ ቱቦው ገባ። "ይሂድ፣ ሥራውን ጨርሷል" አለች። ዛሬ ያ ሆቴል ተዘግቷል፤ ባለፈው ዓመት በዚያ ሳልፍ ገንዳው ደርቆ፣ ስንጥቁ ውስጥ ሣር በቅሎበት አየሁ። የማዳሟ ልጆች ፈረንሳይ ገብተዋል፤ እሷም ከሞተች ቆይቷል፤ እናቴ ለነፍሷ ሻማ አብርታላታለች። እትዬ አልማዝ ደብረ ብርሃን ሱቅ ከፍታለች። እናቴ ደግሞ ጎጃም ተመልሳ፣ በሠራችው ቤት ጥቂት ዓመት ኖራ፣ በስሟ እየተጠራች ዐረፈች። ውኃ ውስጥ ያንሳፈፍኩት ገላ አፈር ሲለብስ ቆሜ አላየሁም፤ ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል፤ መዳፌ ግን ክብደቷን አልረሳም።

የሜሮን ጸጉር ተፈትቶ አለቀ። አሸዋውን ጠረግሁ። እንደገና እጇን ዘረጋችልኝ፤ አንጓዋ እውነትም ቀልቷል። ፊሽካ ተነፍቶባት አያውቅም፤ ማንም "ማዳምሽ የት አለች" አላላትም፤ ለእሷ ይቺ የምታሳክክ ፕላስቲክ ብቻ ናት። እናቴ ይህን ብታይ ምን ያህል ደስ ይላት እንደነበር ሳስብ እጄ ታዘዘልኝ፤ ቆረጥኩላት።

"እፎይ" አለች አንጓዋን እያሸች። "አንቺስ እንዲህ ያለ ሆቴል ሄደሽ ታውቂያለሽ?"

"ልጅ ሆኜ።"

"ከማን ጋር? ከማዳም ጋር?"

በሁለተኛው ወንበር፣ በእትዬ አልማዝ ቦታ ላይ የደንበኛ ጸጉር እየተኮሰች የነበረችው ሰናይት እጇን አቆመችና በመስታወቱ ውስጥ አየችኝ።

"አዎ" አልኳት ለሜሮን፤ "ከማዳም የሺ ጋር።"